ቱታ ከየት መጣች? የቲማቲም የእሳት እራት ዘር ለነጋዴ የሚነግረው ታሪክ

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ቲማቲም ነው። በትክክል ለመናገር፣ ቲማቲሙን ውስጥ ውስጡን ስለምትበላው ስለ አንዲት ትንሽ የእሳት እራት። ነገሩ ሲጀመር የእርሻ ባለሙያ ጉዳይ ይመስላል። ጠጋ ብለን ስናየው ግን የንግድ ታሪክ ሆኖ አገኘነው፤ ስለዚህ ለእናንተ መንገር አለብን አልን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በ1917 ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛው፣ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ዳገቱን ጨርሶ አዲስ አበባ ገባ። ይህን እዚህ ያለን ሐበሾች ሁላችንም እናውቃለን፤ ስንቶቻችን ጅቡቲ የተገኘነው እናቶቻችንና አያቶቻችን በዚያ ባቡር ስለነገዱ ነው። ሁለተኛውን ግን በዚያ ዘመን ከጥቂት የነፍሳት ተመራማሪዎች በቀር ማንም አልሰማውም። ኤድዋርድ ሜይሪክ የተባለ እንግሊዛዊ፣ በሙያው አስተማሪ የነበረ፣ በፔሩ ተራሮች ከዋንካዮ ከተማ የተገኘች አንዲት ግራጫ የእሳት እራት መርምሮ ስም አወጣላት።

ያን ጊዜ የእኛን ባቡርና የእሷን ተራራ የሚያገናኝ ነገር አልነበረም። በመካከላቸው ውቅያኖስ ነበረ። መንገዳቸው የተገናኘው ከ95 ዓመት በኋላ ነው። እንዴት እንደተገናኘ የምናውቀውም ማንም ሰው አይቶ ስለመሰከረ አይደለም። የእሳት እራቷ ራሷ በዘሯ ውስጥ ይዛው ስለዞረች ነው።

ስሟና ሥራዋ

የሳይንስ ሰዎች ስሟን ደጋግመው ቀይረውታል። በ1994 ቱታ አብሶሉታ ተባለች፤ በ2021 ደግሞ ሜይሪክ መጀመሪያ ወደሰጣት የወገን ስም፣ ፍቶሪሚያ ወደሚለው፣ ትመለስ ተባለ። ገበሬው ግን ቱታ ብሎ ለምዷል፤ እኛም እንደሱ እንላታለን። ቱታ ሲባል የስፖርት ልብስ ለሚታየው ሰው ቀድመን እንናገር፦ ከልብሱ ጋር ምንም ዝምድና የላትም።

ቱታ ክንፏን ሰብስባ ስትቀመጥ ከአንዲት ፍሬ ሩዝ ብዙም አትበልጥም። ቀን በቅጠሉ መካከል ተደብቃ ትውላለች። አንዲቷ ሴት በዕድሜዋ እስከ 260 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ትሉ ሲፈለፈል ቅጠሉን እንደ ሌላው ትል ከዳር እየከረከመ አይበላም፤ በላይኛውና በታችኛው የቅጠል ቆዳ መካከል ገብቶ ሥጋውን ብቻ ይበላል። ስለዚህ ከላይ የሚረጨው መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም። ቅጠሉ እየነጣ ይሄድና በመጨረሻ እሳት የነካው ወረቀት ይመስላል። ፍሬው ላይ ሲመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገባው ፍሬው ከግንዱ በተያያዘበት፣ በአረንጓዴዋ ኮፍያ ሥር ነው። በሞቃት አገር ከእንቁላል ተነስታ እንቁላል ጣይ እስክትሆን አንድ ወር ገደማ ይበቃታል። በዓመት ከ10 እስከ 12 ትውልድ ማለት ነው።

ይህ በገበያ ምን ማለት እንደሆነ ያየው ያውቀዋል። ድሬዳዋ ሲጫን ቀይና ጠንካራ የነበረ ቲማቲም በደወሌ በኩል አልፎ፣ በሙቀቱ ተቀቅሎ እዚህ ሲራገፍ ውኃ ይቋጥራል። ቀዳዳዋ የመርፌ ቀዳዳ ታህል ነበር፤ በእሷ በኩል ብስባሹ ገብቷል። አንድ ዓመት በሙቀቱ ወራት ካስጫንነው ከየሦስቱ ሳጥን አንዱን ጥለናል። ተቀባያችን «የበሰበሰ ላካችሁብኝ» ብሎ ሒሳቡን ቆረጠ። ገበሬው «እኔ ለቅሜ የሰጠሁት ደህናውን ነው» አለ። ሾፌሩም «መንገድ ላይ አልቆምኩም» ብሎ ማለ። ሦስቱም አልዋሹም። የዋሸችው በሳጥኑ ውስጥ ተደብቃ የተሳፈረችው ናት፤ እሷን ደግሞ ማን ይከሳታል?

ዘር እንደ ሒሳብ መዝገብ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሳይንቲስቶች አንዲት የእሳት እራት ይዘው «ይህቺ ከዚህ አገር የመጣች ናት» የሚሉት በምን አውቀው ነው? መልክ አይደለም፤ የቺሊዋም የስፔኗም የድሬዳዋዋም መልካቸው አንድ ነው። የሚያዩት ዘረመሏን ነው።

ኮሜርስ ስንማር መዝገብ በእጅ መገልበጥ ነበረብን። የሚገለብጥ ሰው ምንም ቢጠነቀቅ አንዳንድ ቦታ ይስታል፤ 6ቱን 9 ያደርጋል፣ አንድ መስመር ይዘላል። ከእሱ መዝገብ የገለበጠ ሁለተኛ ሰው ያንን ስህተት ይወርሳል፣ የራሱንም ይጨምራል። እንግዲህ ሁለት መዝገቦች በአንድ ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ከተገኘባቸው፣ ባለቤቶቹ ተዋውቀው ባያውቁም ከአንድ መዝገብ የተገለበጡ ናቸው። የነፍሳት ዘርም እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱ ትውልድ ከወላጆቹ ይገለበጣል፤ ጥቃቅን ለውጦች ይገባሉ፤ ለውጦቹም ለልጅ ልጅ ይተላለፋሉ። አብዛኞቹ ለውጦች አይጎዱም አይጠቅሙም፤ እንደ ምልክት ብቻ ይቆያሉ። ምልክቶቹን የሚያነብ ሰው የትውልድ ሐረጉን ያነባል።

ሁለተኛም ነገር አለ። አንድ ትልቅ የጅምላ መደብር አስቡ፣ ሺህ ዓይነት ዕቃ ያለበት። አንድ ሰው ከዚያ መደብር አንድ ካርቶን ብቻ ይዞ ሌላ ከተማ ሄዶ ሱቅ ከፈተ። ሱቁ አድጎ አሥር ቅርንጫፍ ቢኖረው እንኳ በሁሉም ቅርንጫፍ የምታገኙት ያንኑ የካርቶኑን ዕቃ ነው። ለረጅም ዘመን በአገሩ የኖረ ነፍሳት እንደ ትልቁ መደብር ነው፤ በዘሩ ውስጥ ብዙ ልዩነት አለ። በቅርቡ በጥቂቱ የተሰደደ ነፍሳት ደግሞ እንደ ካርቶኑ ሱቅ ነው፤ ቢበዛም ሁሉም አንድ ይመስላል። ስለዚህ የዘር ልዩነቱን መጠን አይቶ «ይህ ነባር ነው» ወይም «ይህ ትናንት የመጣ ነው» ማለት ይቻላል።

የታልካ ልጆች

ቱታ በደቡብ አሜሪካ ውስጥ ራሱ መስፋፋት የጀመረችው በ1960ዎቹ ነው። በ1964 አርጀንቲና ታየች፤ በ1979 ብራዚል ገባች። ከዚያ ለብዙ ዓመታት የደቡብ አሜሪካ ችግር ብቻ ሆና ቆየች። በ2006 መጨረሻ ግን በስፔን ምሥራቃዊ ዳርቻ በካስቴዮን ተገኘች። ከዚያ በኋላ ያለው ፍጥነት ያስደነግጣል። በሦስትና አራት ዓመት ውስጥ ሞሮኮን፣ አልጄሪያን፣ ቱኒዚያን፣ ጣሊያንን፣ ቱርክን፣ ግብፅን አዳረሰች። በ2014 ሕንድ ደረሰች።

ጥያቄ ተነሳ። ይህን ያህል አገር በዚህ ፍጥነት ያዳረሰችው ብዙ ጊዜ፣ ከብዙ ወደብ እየገባች ነው? ወይስ አንዴ ብቻ ገብታ? ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአውሮፓ፣ ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ ቱታዎች ተሰብስበው ዘራቸው ተመረመረ። ውጤቱ በ2015 ታተመ። በሜዲትራኒያን ዙሪያ የወረሩት ሁሉ የአንድ ወገን ልጆች ሆነው ተገኙ። መነሻቸውም ቺሊ ወይም ለቺሊ ቅርብ የሆነ ቦታ፣ ይበልጥ የሚገመተው ደግሞ በመካከለኛው ቺሊ፣ በማውሌ አውራጃ፣ በታልካ ከተማ አካባቢ ነው። በደቡብ አሜሪካ ያሉት እርስ በርስ ይለያያሉ፤ ከባሕር ማዶ ያሉት ግን ያው የካርቶኑ ሱቅ ናቸው።

ይህን ስናነብ ቆም ብለን አሰብን። አንድ መግቢያ፣ አንድ ጊዜ። የትኛው መርከብ ወይም የትኛው አውሮፕላን እንደሆነ ዘሯ አይናገርም። ግን ያንን አንድ ጭነት አንድ ሰው በጥንቃቄ ከፍቶ አይቶት ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ቢያንስ ያን ዓመት አይጀመርም ነበር።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ቲማቲም ራሱ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ የተሻገረው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። ታዲያ የእሳት እራቷ እስከ 2006 ድረስ ለምን አልተከተለችውም? ቲማቲሙ የተጓዘው በአብዛኛው በዘር ስለሆነ ነው ብለን እናስባለን። የደረቀ ፍሬ ዘር በከረጢት ወይም በወረቀት ተጠቅልሎ ባሕር ቢሻገር፣ ቱታ በደረቅ ዘር ውስጥ አትኖርም። እሷ የምትፈልገው ትኩስ ቅጠልና ትኩስ ፍሬ ነው። በሸራ መርከብ ወራት ሲፈጅ ሁለቱም ይበሰብሱ ነበር። ማቀዝቀዣ ያለው መርከብና የጭነት አውሮፕላን መጥቶ ትኩስ ዕቃ በቀናት ሲሻገር ግን እሷም ሳትሞት የምትሻገርበት መንገድ አገኘች። ለደንበኛ ትኩስ ዕቃ ማድረስ የእኛ የነጋዴዎች ኩራት ነው፤ ለእሷ ደግሞ የጉዞ ትኬት ሆነላት።

ወደ እኛ መንገድ

ኢትዮጵያ ውስጥ ቱታ የተመዘገበችው በ2012 ነው። በ2014 የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በምሥራቅ ኢትዮጵያ ስለመገኘቷና በወቅቱ ስለምትበዛበት ሁኔታ ጽፈው አሳተሙ። ምሥራቅ ኢትዮጵያ ማለት ለእኛ ሩቅ አገር አይደለም። ከድሬዳዋና ከሐረር ዙሪያ ያለው አትክልት ነው ጅቡቲ ገበያ ላይ የሚዘረጋው። በዚያው ጊዜ ኬንያና ታንዛኒያ ገባች፤ ቀጥላም ናይጄሪያ። በናይጄሪያ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱት ይሆናል። በ2016 የካዱና ክልል በቲማቲም ትል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ ሕዝቡም «የቲማቲም ኢቦላ» አላት። በካኖ አጠገብ ያን ዓመት የተከፈተው የዳንጎቴ የቲማቲም ድልህ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ አጥቶ ሥራ አቆመ። በዓለም ታላቅ ከሚባሉት ሀብታሞች የአንዱ ፋብሪካ በሩዝ ፍሬ በምታክል ነፍሳት ተዘጋ ማለት ነው።

እኛ ጅቡቲ ያለን ደግሞ ሌላ ሁኔታ አለን። ይህች አገር ዝናብ የሌላት፣ አብዛኛውን ምግቧን ከውጭ የምታስገባ ናት። የኢትዮጵያ ቲማቲም ሲጠፋ ለወጡም፣ ለስኩዴህካሪሱም፣ ለሰላጣውም የሚገባው ዋጋው ጣራ የነካ ነው። ዋራበሌ ያለች እናት ቲማቲም በፍሬ ቆጥራ የምትገዛበት ወር አለ። ስለዚህ የእሳት እራቷ ዘር ጉዳይ የእኛም የጓዳ ጉዳይ ነው።

ዘሯ ብቻ ሳይሆን ጉልበቷም ተወረሰ

እስካሁን ያወጋነው ምንም ስለማይጎዱና ስለማይጠቅሙ ምልክቶች ነው። አንዳንዱ የዘር ለውጥ ግን ጉልበት ይሰጣል። መድኃኒት የሚረጭ ሰው ሺህ ትል ገድሎ አንዲቷን ቢስት፣ የቀረችው በዕድል ብቻ አይደለም የተረፈችው፤ ምናልባት መድኃኒቱ የሚነካው የሰውነቷ ክፍል ትንሽ የተለየ ነው። ልጆቿ ያንን ይወርሳሉ። በሚቀጥለው ርጭት የሚሞቱት የሌሎቹ ልጆች ናቸው፣ የሚቀሩት የእሷ ናቸው። በዓመት 12 ትውልድ ለምትወልድ ነፍሳት ይህ ረጅም ጊዜ አይፈጅም።

በ2012 የታተመ ጥናት ከብራዚልና ከአውሮፓ በተሰበሰቡ ቱታዎች ላይ፣ ፓይረትሮይድ የሚባለውን የታወቀ የመድኃኒት ወገን የሚያከሽፉ የዘር ለውጦች በብዛት እንዳሉ አሳየ። ይህ ወገን በብዙ አገር ገበሬ እጅ በርካሽ የሚገኘው ነው። በ2015 ደግሞ በጣሊያንና በግሪክ ዳያማይድ የሚባለውን አዲሱንና ውዱን መድኃኒት የሚቋቋሙ ቱታዎች መገኘታቸው ተነገረ። መድኃኒቱ ገበያ ከወጣ አሥር ዓመት አልሞላውም ነበር።

እዚህ ላይ የካርቶኑን ሱቅ አስታውሱ። ወራሪዎቹ ሁሉ የአንድ ወገን ልጆች ከሆኑ፣ መነሻው ላይ የነበረውን ጉልበት ለሁሉም ቅርንጫፍ ይዘው ይሄዳሉ። አንድ ገበሬ በሕይወቱ አንዴ እንኳ ረጭቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል፤ ማሳው ላይ ያረፈችው ቱታ ግን ቅድመ አያቶቿ በሌላ አገር ርጭት የተፈተኑባት ናት። «መድኃኒቱ አልሠራም፣ የተጭበረበረ ነው» ብሎ ሻጩን ይከሳል። አንዳንዴ በእርግጥ ተጭበርብሮ ይሆናል። አንዳንዴ ግን መድኃኒቱ እውነተኛ ነው፤ የተለወጠችው እሷ ናት። ይህን የማያውቅ ገበሬ መጠኑን እጥፍ ያደርጋል፣ ሊለቀም ሦስት ቀን ሲቀረው ይረጫል። ያ ቲማቲም ተጭኖ የሚመጣው ወደ እኛ ነው፤ የሚበሉትም ልጆቻችን ናቸው። እኛን ከኪሳራው ይበልጥ የሚያሳስበን ይህ ነው።

ነባሩ ቆርቁርና መጤው ተምች

ቱታ አንድ ወገን ሆነች ማለት የእሳት እራት ሁሉ እንደዚያ ነው ማለት አይደለም። ልዩነቱ እንዲታያችሁ ሁለት ሌሎች እንጥቀስ። ሁለቱም የእህል ነጋዴ የሚያውቃቸው ናቸው።

የመጀመሪያው አገዳ ቆርቁር ነው፤ በሳይንስ ስሙ ቡሴዮላ ፉስካ። የሐረርጌ ማሽላ ሲነሳ የሱም ስም አብሮ ይነሳል። ይህ መጤ አይደለም፣ አፍሪካዊ ነው። በቆሎ ከአሜሪካ ከመምጣቱ በፊት በማሽላና በዱር ሣር ላይ ይኖር ነበር። በ2006 የታተመ የዘር ጥናት ከሰሐራ በታች ያሉትን አገዳ ቆርቁሮች በሦስት ትልልቅ ወገኖች ከፈላቸው፤ አንዱ የምዕራብ አፍሪካ ነው፣ ሁለቱ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ። የተለያዩት ሰው ማሳ ማረስ ከመጀመሩ እጅግ በፊት ነው። ይህ ትልቁ የጅምላ መደብር ነው። አንድ ስም ይዞ ብዙ ሕዝብ ነው።

ልዩነት ያለው ደግሞ በአገዳ ቆርቁሩ ብቻ አይደለም። በኬንያ እሱን የምታጠቃ አንዲት ትንሽ ተርብ አለች። የመሐል አገሯ ተርብ እንቁላሏን በቆርቁሩ ትል ውስጥ ጥላ ልጆቿን ታሳድግበታለች። የሞምባሳዋ፣ በመልክ የማትለየው እህቷ፣ ብትጥልም ትሉ እንቁላሉን አፍኖ ይገድለዋል። ስለዚህ ለአንድ ወረዳ የሠራ መላ ለሌላው ላይሠራ ይችላል። በደቡብ አፍሪካም የታየው ይህንኑ ያስተምራል። ትሉን እንዲገድል ተደርጎ በዘሩ የተሻሻለ በቆሎ በ1998 ተዘራ፤ በ2007 ግን አገዳ ቆርቁሩ በአንዳንድ ቦታ በቆሎውን ተቋቁሞ መብላት መጀመሩ ተጻፈ። ትልቅ መደብር ውስጥ የተፈለገው ዕቃ አይጠፋም፤ ነባር ነፍሳትም ለመጣበት ነገር ሁሉ ከመካከሉ የሚቋቋም አያጣም።

ሁለተኛው መጤው የአሜሪካ ተምች ነው። በ2016 መጀመሪያ በምዕራብ አፍሪካ ታየ፤ በ2017 መጀመሪያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ተገኘ። ገበሬውና ተማሪው በእጁ እየለቀመ ሲገድለው በቴሌቪዥን ያያችሁት እሱን ነው። በ2018 ሕንድ፣ በ2019 ቻይና ደረሰ። ይህ ተምች በአገሩ ሁለት ወገን አለው፤ አንዱ በቆሎ ይወዳል፣ ሌላው ሩዝና ሣር። በመልክ ግን አይለዩም። የአፍሪካዎቹ ሲመረመሩ ብዙዎቹ የሁለቱ ወገን ቅይጥ ሆነው ተገኙ፤ በአንዱ ምልክት የሩዝ፣ በሌላው ምልክት የበቆሎ። የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች መነሻውን ወደ ፍሎሪዳና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ጠቆሙ፤ አንዴ ገብቶ ተስፋፋም አሉ። ኋላ ሙሉ ዘረመሉን ያነበቡ ሌሎች ደግሞ በተለያየ ጊዜ፣ ከአንድ በላይ በሆነ በር ገብቷል ይላሉ። ክርክሩ አልተዘጋም። እሱ ግን ከቱታ የሚለየው በጉልበቱ ነው፤ በአንድ ሌሊት ከነፋስ ጋር 100 ኪሎ ሜትር ሊበር ይችላል። የእሱን ድንበር ጉምሩክ አይዘጋውም። ቱታ ግን የሩቁን መንገድ በብዛት የተጓዘችው ሰው አሳፍሯት ነው። ስለዚህ የእሷ ነገር የእኛን እጅ ይጠብቃል።

መነሻን ማወቅ ምን ይጠቅማል?

አንድ ወዳጃችን «ከታልካም ትምጣ ከትሪፖሊ፣ በልታናለች፤ ዘሯን መቁጠር ምን ያደርጋል?» አለን። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛ ግን የሌባን መንገድ ያወቀ ቤቱን አይዘረፍም ብለን እንመልስለታለን።

አገሯን ማወቅ ጠላቷን ለማወቅ ይጠቅማል። በደቡብ አሜሪካ ቱታን የሚያድኑ ነፍሳት አሉ፤ ወደዚህ ስትሰደድ እነሱ አልተከተሏትም። ናይሮቢ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔ፣ ከፔሩ አንዲት ጥቃቅን ተርብ አስመጥቶ በኬንያ አራብቶ ለቋል። ተርቧ የቱታን ትል ፈልጋ እንቁላሏን በውስጡ ትጥላለች። የመጣችበትን ሳያውቁ ጠላቷን ከወዴት ያመጡ ነበር?

የመድኃኒት መቋቋሟንም ቀድሞ ማወቅ ይቻላል። በዘሯ ውስጥ ያለውን ለውጥ ማየት የሚችል ቤተ ሙከራ፣ ገበሬው ገንዘቡን በማይሠራ መድኃኒት ላይ ከማፍሰሱ በፊት ሊነግረው ይችላል። አንዱ መድኃኒት ሲደክም ሌላ ወገን እየቀያየሩ መርጨት፣ ወንዶቹን በሽታ የሚስብ ወጥመድ ማንጠልጠል፣ የተበላውን ፍሬ ማሳው ዳር ከመጣል ይልቅ መቅበር፣ እነዚህ ሁሉ የግብርና ባለሙያዎች የሚመክሯቸው ናቸው።

የእኛ የነጋዴዎቹ ድርሻ ደግሞ ሳጥኑ ላይ ነው። ከታሪኩ የተማርነውን በአጭሩ እንዲህ እናስቀምጠው።

ባዶ ሳጥን ባዶ አይደለም። በእንጨቱ ስንጥቅ፣ በታችኛው የደረቀ ቅጠል ውስጥ እንቁላልና ሙሽሬዋ ልትቀመጥ ትችላለች። ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የሚመለስ ሳጥን በሳሙና ውኃ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይመለስ። በጅቡቲ ፀሐይ ማድረቅ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

ቲማቲም ከቅጠልና ከግንድ ተለይቶ ይጫን። ብትችሉ አረንጓዴዋ ኮፍያም ትነሳ፤ ቱታን የሚፈሩ አንዳንድ አገሮች ይህንኑ ይጠይቃሉ። ፍሬው ከኮፍያው ጋር ያምራል የምትሉ ደንበኞች፣ ቀዳዳዋም የምትደበቀው እዚያው ሥር እንደሆነ እወቁልን።

የእጽዋት ጤና ወረቀትን እንደ ቴምብር ብቻ አንየው። ብዙዎቻችን ድንበር ላይ ለመቆም አንፈልግም፤ ቲማቲም በቆመ ቁጥር ይበላሻል፣ የሚቆጥረውም ሰዓት ገንዘባችን ነው። ይህ እውነት ነው። ግን ያ አንድ ያልታየ ጭነት፣ ከአንድ የቺሊ አውራጃ የወጣው፣ ግማሽ ዓለምን ምን እንዳደረገ ዘሩ መስክሯል። ፈታሹ ቢፈትሽ እንደ ጠላት አንየው፤ ቶሎ እንዲፈትሽ፣ ባለሙያና ጥላ ያለበት ቦታ እንዲኖረው በጋራ እንጠይቅ።

ገበሬውንም እንጠይቀው፦ ምን ረጨህ? መቼ ረጨህ? በዋጋ ብቻ የምንከራከር ከሆነ እሱም በመድኃኒት ብቻ ይመልስልናል። መድኃኒት ከተረጨ በኋላ በመያዣው ላይ የተጻፈውን ቀን ጠብቆ የለቀመውን ገበሬ፣ ፍሬው ትንሽ ቢያንስም፣ ዋጋ እንስጠው። ከየሦስቱ ሳጥን አንዱን ከመጣል ያ ይረክሳል፤ ሒሳቡን ሠርተን አይተነዋል።

በ1917 ሐዲዱ አዲስ አበባ ሲገባ ከባሕሩ የሚወጣውና ወደ ባሕሩ የሚወርደው ዕቃ መንገድ አገኘ። እኛ የዚያ መንገድ ልጆች ነን። ከ2018 ወዲህ የኤሌክትሪክ ባቡሩ፣ የደወሌው አስፋልት፣ የጋላፊው መስመር ሁሉም ጉዞውን እያሳጠሩት ነው። ዕቃ በፈጠነ መጠን አብሮ የሚሳፈረውም ይፈጥናል። መንገዱ ይዘጋ የሚል ነጋዴ የለም፤ ቢዘጋ የሚራበው ይህ ከተማ ነው። ምን እንደሚሳፈርበት ማየት ግን የእኛ ሥራ ነው፤ ሳጥኑን ከጉምሩክ በፊት የምንከፍተው እኛ ነንና።

በየገበያችሁ ያያችሁትን፣ የሞከራችሁትን ጻፉልን።